ልጅ ልከን ባነር ተቀበልን

ቆቦ ላይ ልጅ አስተምሮ የከበረ አባት ካለ ወጥቶ ይታየኝ። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው። ሰነፉ ልጅ ቀረ፤ አረሰ፣ ሽንኩርት ተከለ፣ ባጃጅ ገዛ፣ ጧት ማታ «እንዴት አደሩ፣ እንዴት ዋሉ» ይላል። ጎበዙ ልጅ አለፈ፤ ሄደ፣ ተመረቀ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ለፋሲካ በቴሌብር ትንሽ ብር ይልካል። አባትየው መልእክቱን ለማንበብ ዓይናቸው እምቢ ሲላቸው ስልኩን ለሰነፉ ልጅ ይሰጡታል። እሱም ያነብላቸውና ብሩን ሄዶ ያወጣላቸዋል፤ ለቤንዚኑም ትንሽ ይቀንሳል።

እኔ ሽማግሌ ነኝ። ጡረታ የለኝም፤ ያለኝ ማማረር ነው፣ እሱንም ካልተጠቀምኩበት ይባክናል።

ትምህርት አገር ያሳድጋል፣ ከተማ ያለማል ይላሉ። አልካድኩም፣ ያለማል። እኔ የምለው የማንን ከተማ ነው። የራያ ቆቦ ገበሬ ማሽላ ሸጦ ደብተር ይገዛል፣ በሬ ሸጦ ዩኒቨርሲቲ ይልካል። ልጁ ዐውቆና ደመወዝ ይዞ ሲቆም ግብሩ የሚቆረጠው አዲስ አበባ ነው፣ ቤት የሚከራየው ሲኤምሲ ነው፣ ማኪያቶ የሚጠጣው ሃያ ሁለት ነው፣ ሚስት የሚያገባውም እዚያው ነው። ሠርጉ ላይ እንኳ ድንኳን ያከራየው የቆቦ ሰው አይደለም። ወጪው በአንድ ደብተር፣ ገቢው በሌላ ደብተር ተጽፎ ሁለቱን ደብተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያቀርብ ሒሳብ ሠራተኛ እስከ ዛሬ አልተመረቀም።

ዕዳው ደግሞ የዛሬ አይደለም። በእኔ ልጅነት ሚኒስትሪ የሚባለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነበር፤ እኔም ወስጄ አልፌያለሁ። አትሳቁ። ያን ጊዜ ሚኒስትሪ ያለፈ ሰው በገበያ መካከል ሲሄድ መንገድ ይለቀቅለት ነበር። ማመልከቻ የሚጽፈው እሱ ነው፣ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚያነበው እሱ ነው፣ ነጋዴው በሚዛን ሲያታልል «ቆይ፣ ቆይ» የሚለውም እሱ ነው። ከዚያ በላይ መማር ያማረው ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ወልድያ፣ ከሆነለትም ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት። የወሎ ሰው ይህን ስም ሲጠራ አንገቱን ያቀናል፣ የተማሪ ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንን የተማረበት ቤት ነውና። ነገር ግን ደሴ መማር ማለት ደሴ መከራየት ነው። በሶው፣ ድርቆሹ፣ የማሽላው ጆንያ በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ እየተጫነ ሐይቅን አልፎ ይወጣ ነበር። አከራይዋ ከጆንያው አንድ ቁና ስታነሳ ተማሪው ያያል፣ ዝም ይላል፣ ምን ያድርግ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ሳናውቅ ገና፣ የቆቦ ማሽላ የሌላ ከተማ ኪራይ ይከፍል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደረጃው መሸሽ ጀመረ። ስምንተኛ ክፍል ጸሐፊ ያደርግ የነበረው አሥራ ሁለተኛ ካልሆነ ተባለ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ አንድ ዓመት ማሠልጠኛ የገባ አስተማሪ ይሆን የነበረው ዲፕሎማ ያምጣ ተባለ። ዲፕሎማው ዲግሪ ሆነ። ዲግሪውም ብቻውን አልበቃ ብሎ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የሚባል ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ሳልነሳ ማዕረጌ እየወረደ እየወረደ አሁን ከሚኒስትሪዬ ጋር ያልተማረ ተብዬ ቅጽ ላይ እጻፋለሁ። ብር ብቻ ነው ዋጋው የሚረክሰው ያለ ማነው?

አንድ ጊዜ ብቻ ትምህርት ቤት በእግሩ ወደኛ መጥቶ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ለገጠር ሲበትን ወደ እኛም አካባቢ ካኪ ለባሽ ልጆች ደረሱ። መሬት ለአራሹ ታወጀ፣ እነሱም አስረዱን፤ አራሹ እኛ መሆናችንን ከአዲስ አበባ መጥተው ነገሩን። ከመካከላቸው አንዱ ግመል ስንት ሊትር ውሃ እንደሚይዝ አስልቶ ሲነግረን ግመሏ ልብሱን ትልስ ነበር። ብቻ ልጆቹ መልካም ነበሩ፣ እህላችንን በልተው ስለ መብታችን አወሩልን። ቢያንስ የበሉት እዚሁ ነው።

አሁን ወደ ወልድያ ልምጣ፣ ሆዴን የሚቆርጠኝ እሱ ነውና።

ኤርትራ ከተለየች በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚህ አገር ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባና አለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ወልድያ ላይ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ማይጨው ላይ ደግሞ ራያ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ስሙ የእኛ ነው፣ ብርዱ የማይጨው። ደሴና ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ከዞብል ተራራ ባሻገር ወርደው አፋር ቢገቡ ሰመራ ላይ ሌላ አለ። በሦስት አቅጣጫ ዩኒቨርሲቲ ከቦን እኛ መካከል ላይ ሽንኩርት ይዘን ቆመናል።

ወልድያ ድሮ ምን ነበረች? መገንጠያ ነበረች። ወደ ላሊበላ የሚታጠፍ ይታጠፍባታል፣ ወደ መቀሌ የሚያልፍ ምሳ በልቶ ያልፍባታል። ሰው ሁሉ መኪናው ጎማ እስኪቀይር ብቻ የሚያውቃት ከተማ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ግን ሰው ማደር ጀመረ። መምህሩ ከነቤተሰቡ መጥቶ ቤት ተከራየ፤ አከራዩ በኪራዩ ጓሮ ላይ ሁለት ክፍል ጨመረ፤ ለሁለቱ ክፍል ብሎኬት የሚያመርተው ልጅ ሥራ አገኘ፤ ብሎኬት አምራቹ ሻይ ቤት ደንበኛ ሆነ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ሽሮ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሁሉም ከዚያ ግቢ ጋር በአንድ ገመድ ታሰረ። መርሳም የግብርናውን ግቢ ይዛ ድርሻዋን ወሰደች።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስቀናኝ ኪራዩ አይደለም፤ የደመወዙ ጠባይ ነው። የፌዴራል ደመወዝ ዝናብ አይጠብቅም። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ቢዘጋም በወሩ ማለቂያ ይገባል። አንበጣ ቢመጣም ይገባል። የቆቦን ገበያ ተመልከቱት፤ ሐምሌ ካልዘነበ ጥቅምት ላይ ጫማ ሻጩ ያዛጋል፣ ኅዳር ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን ዘይት ቀብቶ ይሸፍናል፣ ሠርግ ለሌላ ዓመት ይተላለፋል። ዝናብ የማይፈራ ገንዘብ በየወሩ የሚገባበት ከተማና ሰማይ እያየ የሚያድር ከተማ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ፣ አንዱ ሌላውን ገበሬ ማድረጉ ምን ይገርማል።

ገበሬም ሆነን ተገኝተናል። ከቆቦ ጊራና ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ እየሳብን ሽንኩርትና ቲማቲም እናወጣለን። ያ ሽንኩርት ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ ወደ ሰሜንም ይሄዳል፤ ከፊሉ የተማሪ ወጥ ውስጥ እንደሚገባ ደላላው ነግሮኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ቀለብ ግን ለዓመታት 15 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት በ15 ብር! ኋላ 22 ብር ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ደረሰ። ከ15 ብር ላይ እንጀራው ተነሥቶ፣ ምስሩ ተነሥቶ፣ ማገዶው ተነሥቶ ለሽንኩርቱ ስንት ሳንቲም ይተርፋል? በዚያ ሳንቲም ላይ ደላላው አለ፣ መኪናው አለ፣ ኮቴ አለ። እኔ ዘንድ የሚደርሰው የሽንኩርቱ ሽታ ነው። የእኛ ልጆች የሚበሉት ቢሆን እንኳ ባልከፋኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የቆቦ ልጅ ጅማና አርባ ምንጭ ይሄዳል፣ የሌላው አገር ልጅ ወልድያ ይመጣል። የእኔን ሽንኩርት የሚበላው የማላውቀው የወላይታ ልጅ ነው። ይብላ፣ ይጣፍጠው፤ የኔንም ልጅ እዚያ ዶርም ውስጥ ሌላ አባት እያበላልኝ ይሆናል። ግን እንዲህ ልጅ ተለዋውጦ ለማሳደግ አገር የሚያህል የመኪና ትራንስፖርት ወጪ ማን ሰብስቦ ደመረው?

የልጅ ልጄ ይህን ምሬት ስትሰማ ከስልኳ አንድ ነገር አነበበችልኝ። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ በሚባል ከተማ፣ በፈረንጆቹ 1355 ዓ.ም. ነው አሉ፣ ተማሪዎች መጠጥ ቤት ገብተው የቀረበላቸው ወይን መጥፎ ነው ብለው ከባለቤቱ ጋር ተጣሉ። ከዚያ ደወል ተደወለ፣ ከተማው በአንድ በኩል፣ ዩኒቨርሲቲው በሌላ በኩል ሆኖ ለቀናት ተዋጉ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲው አዳሉ። የከተማው ሹማምንት በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ቀርበው 63 ፔኒ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው፣ ለሞተ ተማሪ አንድ አንድ ፔኒ መሆኑ ነው። እስከ 1825 ድረስ ከፈሉ። አያት ለልጅ ልጅ ልጅ እያወረሰ! እኛ ራያዎች የዘወልድ ሽማግሌ አለን፤ ደም ቢፈስ እንኳ ግራና ቀኙን አስቀምጠን፣ ካሣ ቆርጠን፣ አስምለን እናስታርቃለን። ለመጥፎ ወይን ግን ወደ አምስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ማስከፈል! ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1209፣ ከዚያው ከኦክስፎርድ ተጣልተው የሸሹ ተማሪዎች ናቸው ካምብሪጅ ላይ ሁለተኛውን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት። እዚህ ላይ ቀናሁ። ከወልድያ ተጣልቶ ወደ ቆቦ የሚሸሽ ተማሪ አላየሁም። እህል አለን፣ ግመል አለን፣ ሙቀት አለን፣ የሚጣላ ብቻ ነው ያጣነው።

ስለ ባነሩ እንዳልረሳው። ልጅ ሲመረቅ ቆቦ ምን ታገኛለች? ባነር። ተመራቂዋ ጥቁር ጋውን ለብሳ፣ ቆቧን አዘንብላ፣ ከበስተኋላዋ የማናውቀው ፏፏቴ እየወረደ የተነሣችው ፎቶ በትልቁ ታትሞ «እንኳን ደስ አለሽ» ተብሎ በራችን ላይ ይሰቀላል። ባነሩ የታተመው ወልድያ ነው። ጋውኑ የተከራየው ከግቢው አጠገብ ነው። ቶርታው የመጣው ከወልድያ ነው፣ በመንገድ ላይ ቀልጦ። የቆቦ የሆነው ሙክቱና ጠላው ብቻ ነው፤ እሱንም የወልድያ እንግዳ በልቶት ሄደ። ከዚያ ባነሩ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ይነጣል፤ በሦስተኛው ዓመት ጋውኗ ሰማያዊ፣ ፊቷ ቢጫ ይሆናል። ባለቤቴ አንዱን ባነር አውርዳ ማሽላ ታሰጣበታለች። ያ ነው የተመለሰልን ኢንቨስትመንት።

የቀረልንስ ምን ያድርግ? የጎረቤቴ የሼሁ ልጅ የግብርና ምጣኔ ሀብት ተመርቆ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሽማግሌ ሲያይ ይነሣል። ሥራ ፈልጎ አጣ። ድንጋይ ንጣፍ ሠራ፤ ዲግሪውን ይዞ ድንጋይ ጠረበ፣ ብዙ ሰው ስቆበታል፣ እኔ አልሳቅሁም፣ የጠረበው ድንጋይ ቀጥ ያለ ነበር። አሁን ባጃጅ ይነዳል። አምና ሽንኩርት ሁሉም በአንድ ሳምንት ደርሶ ዋጋው ሲወድቅ፣ ሰው መልቀሚያውን እንኳ አይመልስም ብሎ ማሳ ላይ ተወው። ያ ልጅ ባጃጁን አቁሞ ማቀዝቀዣ መጋዘን ቢኖር፣ አርሶ አደሩ በየተራ ቢተክል፣ ቲማቲሙ ድልህ ሆኖ ቢታሸግ እያለ አንድ ሰዓት አስረዳን። ጸጥ ብለን ሰማነው። ከዚያ ተሳፋሪ ጠራውና ሄደ። ሽንኩርቱ በሰበሰ። የተማረውም አለ፣ የሚማሩበትም ነገር አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መቶ ሺህ ብር የሚያበድር ሰው የለም።

ተራራው ላይ ሲዘንብ በጎሊና በሆርማት የሚወርደውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። አፈሩን፣ ፍጉን፣ የደጋውን ስብ ሁሉ ይዞ ሜዳችንን ሰንጥቆ አፋር ይገባል። አባቶቻችን በእሾህና በድንጋይ ዘግተው ጠለፋ ሠርተው ወደ ማሳቸው ያስገቡት ነበር፣ ማን መቼ እንደሚያጠጣም የውሃ አባቱ ይቆርጣል። ለልጆቻችን ጠለፋ የለንም። በትምህርት ቤቱ በኩል ሞልተው ይወርዳሉ፣ ሜዳው ያያቸዋል፣ ያልፋሉ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ የተማረ ሰው ሲሰማው የማይወደው። ቆቦ ላይ ፎቅ ያቆመ ማነው? ከስምንተኛና ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠው ነው። በሎጊያ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ገብቶ፣ ጅዳ ላይ መኪና አጥቦ የላከው ብር ነው ቆርቆሮውን ያደሰው። ሴቶቹም በቪዛ ሄደው የሰው ቤት ሠርተው የወንድማቸውን የዩኒቨርሲቲ ኪስ ገንዘብ ይልካሉ። ይህን አስቡት፤ ያቋረጠችው እኅት የሚማረውን ወንድም ታስተምራለች፣ ወንድምየው ተመርቆ ሥራ ያጣና እኅቱን «አንቺ ዘንድ መንገድ አለ ወይ» ይላታል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙ ቤት ግማሽ ላይ ቆሟል። ባሕሩ የበላቸውን አልቆጥርም፤ በዚያ ቀልድ የለም። ብቻ በትምህርት ቤት ጥግ የሚጫወት ልጅ ሁለት መንገድ ሲያይ፣ በአንደኛው ጫፍ ባነር፣ በሌላኛው ፎቅ ቆሞ ካየ፣ «ተማር» የሚለው ምክሬ ከአፌ ሲወጣ ይቀዘቅዛል።

አሁን ደግሞ መሄዱም ቀረ። የ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ 900 ሺህ ገደማ ልጅ ተፈተነ፣ ግማሽ ያመጣው 29,909 ነው። 3.3 በመቶ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። አንድ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ያልተሰረቀውን ውጤት ማየታችን መልካም ነው ይላሉ፣ ይሁን፣ እውነት ነው። ግን እኔን አስቡኝ። ልጆቹ ሲያልፉ ወሰዱብን ብዬ አማርር ነበር። አሁን ሲወድቁ ጣሉብን ብዬ ማማረር ጀመርኩ። በሁለት በኩል ማማረር ለዕድሜዬ ይከብዳል። ያለፈውም ልጅ ፍሬሽማን አለው፣ ዲፓርትመንት ምርጫ አለው፣ ኤግዚት አለው፤ እኔ ይህን ሁሉ ስም እስካጠና ድረስ በሬው ተሸጦ ያልቃል።

እዚህ ላይ ስደርስ የባለቤቴ ትዕግሥት ያልቃል። «አንተ ሰውዬ፣ አቀንጭራን ረሳኸው?» አለችኝ። አልረሳሁም። አቀንጭራ ማለት በማሽላ ሥር ተጣብቆ ከመሬት በታች ሆኖ የሚጠጣ አረም ነው፤ ሐምራዊ አበባ ሲያወጣ ጉዳዩ አልቋል። በዓመታት ውስጥ ሜዳውን ወርሶት ነበር። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ሰዎች፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ አቀንጭራ የሚቋቋምና ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይዘው መጡ። ስሙንም ከመንደሮቻችንና ከወንዞቻችን አወጡለት፤ ሆርማት፣ ጊራና። ዝናብ ቸኩሎ ሲሄድ የሚደርስ ማሽላ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ በ1977 ቆቦና ኮረም ላይ የሆነውን ላየ ሰው በተለይ። በ1965 ረሃብም ጊዜ የወሎን መከራ በፎቶ አሳይተው መንግሥት የሸሸገውን ካወጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩበት። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ግን ማማረሬን አላቆምም፤ አዲሱ ማሽላ አጭር ነው! የእኛ ጅጉርቲና ደገሊት ከፈረሰኛ በላይ ቁመት አላቸው። ገበሬ ፍሬውን ብቻ አይደለም የሚያጭደው፤ አገዳው የግመልና የከብት ቀለብ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የጎጆ ግድግዳ ነው፣ ጥንቅሹም የልጅ ማባበያ ነው። የተማረ ሰው ፍሬ ይቆጥራል፣ ገበሬ አገዳ ይቆጥራል። ቢሆንም ሰዎቹ መጥተው ማሳችን ላይ ቆመው ተከራክረውናል፣ እኛም እነሱን። አለማያም ድሮ በአሜሪካኖቹ የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ ሲቋቋም መምህሩ ወደ ገበሬው ማሳ ይውረድ በሚል ሥርዓት ነበር። ትምህርት ወደ ማሳ ሲመጣ እንዴት እንደሆነ ዐውቃለሁ ማለት ነው። አጭር ይሆናል፣ ግን ይደርሳል።

«የጤና ኤክስቴንሽኗስ?» አለች ደግሞ ባለቤቴ። እሷም አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ሠልጥና እዚሁ የቀረች የመንደራችን ልጅ ናት። ስንት እናት በሷ ምክንያት ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላግላለች። ቆጥሮ ለከተማው ገቢ የጻፈው የለም እንጂ ከፎቁ የሚበልጥ ሀብት ነው። ዝም አልኩ። ከባለቤቴ ጋር ስከራከር ዝም ማለት ከምርጫዎቼ አንዱ ነው።

ስለ ሰሜኑ ጦርነት ብዙ አላወራም። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 እንዴት እንደኖርን ቆቦ ያውቃል፤ በ2014 ማብቂያ ደግሞ ተደገመልን። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ፣ ወደመ፣ ተማሪው ተበተነ። ያኔ ለሁሉም ግልጽ የሆነ አንድ ነገር ነበር። ተማሪው ሲወጣ እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዷን አቀዘቀዘች፣ ባጃጁ ቆመ፣ አከራዩ በሩን ከፍቶ ተከራይ ጠበቀ። የዩኒቨርሲቲን ጥቅም ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ ለጥቂት ወር መዝጋት ይበቃል። የኛ የታች ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን ማንም ወዲያው አይጮህም፤ ከአንደኛ ክፍል የቀረ ልጅ ኪራይ አይከፍልምና። ሌላ ግጭት ከበረታበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስንት ልጅ ቤቱ ዋለ! ያ ሒሳብ የሚመጣው ዛሬ አይደለም፤ የሰባት ዓመቱ ልጅ ሃያ ሲሞላው ነው የሚመጣው፤ ያኔ እኔ የለሁም፣ ማን ያማርርላችኋል?

እንግዲህ የልጅ ልጄ አልፋለች። አዎ። የልጃገረዶቹን ጨዋታ ሶለልን ስትጨፍር ያየኋት፣ ጸጉሯን ተሠርታ ከጓደኞቿ ጋር ከቤት ቤት ስትዞር የነበረችው፣ ግማሽ ብቻ አይደለም ያመጣችው፣ ከዚያም አልፋ ነው። እኔ ግብርና ግቢ፣ እንስሳት ሕክምና ግቢ አልኳት። እሷ ሶፍትዌር አለች።

«ሶፍትዌር ቆቦ ላይ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«አባባ፣ ከቆቦ ሆኜ ለውጭ አገር ሰው እሠራለሁ። ደመወዙ ወደዚህ ይመጣል፣ እኔ አልሄድም።»

ዝናብ የማይፈራ ደመወዝ ቆቦ ውስጥ! ጆሮዬ ቆመ። «በምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«በኢንተርኔት።»

እንዲህ ስትል መብራቱ ሄደ። ባለቤቴ ኩራዝ ለመፈለግ ስትነሣ እየሳቀች ነበር፣ ሰምቻታለሁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ የስልኳን መብራት አብርታ የምትፈልገውን ዕቃ ዝርዝር አነበበችልኝ። ላፕቶፕ፣ ብርድ ልብስ፣ የመኪና፣ የኪስ። ላፕቶፑ ከግመሏ በላይ ነው የሚያወጣው።

«ግመሏን አልሸጥም» አልኩ፣ በግልጽ፣ እንደ አባወራ።

«ደላላው ለሰኞ ተቀጥሯል» አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

እንግዲህ ሰኞ ነው። ደላላው ግመሏ አርጅታለች ይላል፣ ዐውቀዋለሁ፤ ጥርሷን ከፍቶ ያያል፣ ምራቁን ይተፋል፣ ዋጋ ይሰብራል። እኔም ከወዲሁ እየተለማመድኩ ነው፤ ለዚህ ዓመት ማማረሬን ሁሉ ለሱ አስቀምጬለታለሁ።